የሻምበል ጠጉር

ነገሩ የተቀመጠው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነው፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከሳጥን በሚወጣው የብረት ሳህን መሀል ለመሀል። ጣት ያህላል። እርጥብ ነው፣ ግራጫ ነው፣ ተገምዶ ያላለቀ ጧፍ ይመስላል። አገሬ ከጓዳ ወጥታ ስታየው መጀመሪያ ሳቋ ነው የመጣው፣ እውነት፣ ሳቋ፤ ምክንያቱም የድመት ትውከት በእንግዳ ሳህን ቀርቦ፣ እናቷ በአንድ በኩል፣ ደብተራ ወልደ ሰንበት በሌላ በኩል ቆመው፣ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ሲያዩት ማን ነው የማይስቅ። ከንፈሯን ነክሳ በሩን ተደግፋ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ደብተራው «የሚያስቀር ነው» ሲሉ የሰማችው። የሄደን ሰው መንገድ ላይ የሚያስቀር መተት ነው አሉ። ጠጉሩ የሬሳ ጠጉር ነው፣ የተገመደው በግራ እጅ ነው፣ ያስቀመጠችው ሴት ከሆሳዕና በፊት በገዛ እግሯ ወደ አባቷ ቤት ካልተመለሰች ልጅሽ፣ አሉና ዝም አሉ። የቀረውን እናቷ በልቧ እንድትጨርሰው ሆን ብለው ነው ዝም ያሉት። የአገሬ ሳቅ እዚያው በረደ።

ልጁ ደምለው ነው፣ የአገሬ ታላቅ ወንድም። በብሔራዊ ውትድርና ሁለተኛው ዙር ነው የሄደው፤ ያን ቀን የተማሪ ሰልፍ ወጥቶ አገሬ ራሷ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ዘምራ ሸኝታዋለች፣ አሁን ያ ዘፈን በራዲዮ ሲመጣ ጆሮዋን ትይዛለች። እስከ ጥቅምት ድረስ በየወሩ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኅዳር ምንም፣ ታኅሣሥ ምንም፣ አሁን መጋቢት አጋማሽ ነው፣ የዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት፣ ምንም። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ የአገሬን እናት ገና ከመንገዱ ማዶ ሲያያት ራሱን ይነቀንቅላታል፣ እንዳትደክም ብሎ ነው አሉ፤ እሷ ግን ሁልጊዜም መንገዱን ተሻግራ መስኮቱ ድረስ ትሄዳለች። ሴቲቱ ያሏት ደግሞ አምሳለች ናት፣ የደምለው ሚስት፣ የሞጣ ልጅ። እዚህ ቢቸና ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ልጅ አልወለደችም። ከሳሎኑ በመጋረጃ በተከፈለችው ክፍል ውስጥ የደምለው አልጋ ላይ ብቻዋን ትተኛለች፣ እና ይኼ የጠጉር ነገር ዛሬ ጠዋት የተገኘው እዚያ አልጋ ሥር ነው።

አሁን ስለ ሻምበል ካልተነገረ አይሆንም። ሻምበል ድመቱ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ለድመት ይኼ ሽምግልና ነው፤ ስሙን ያወጣለት ደምለው ነበር፣ በጢሙና በአረማመዱ። የወረዳው አስተዳዳሪ እውነተኛ ሻምበል ሆነው የመጡ ጊዜ የአገሬ እናት ደንግጣ ስሙን ለሁለት ወር «ሻሼ» አድርጋው ነበር፣ ድመቱ ግን በሻሼ አልሄድም አለ። አምሳለች እዚህ ቤት የገባች ሰሞን፣ ገና በወጉ ቀና ብላ ሰው ሳታይ፣ ሻምበልን አይታ «ይኼ እኮ ሽማግሌ ነው፣ የላሰው ጠጉር ሆዱ ውስጥ እየተጠቀለለበት ነው» አለች። አባቷ ሞጣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው፤ አይጥ ብራናውን እንዳይበላ አምስት ድመት ያረባሉ፣ እሷም ከድመት ጋር ነው ያደገችው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በሚዶ ታበጥረው ጀመር፣ ከጀርባው ወደ ጅራቱ፣ ቀስ አድርጋ። የቀሩት ጥርሶች ሁለት ስለሆኑ ደረቅ እንጀራ አትሰጠውም፣ አርሳ ታጎርሰዋለች። በፍስክ ጊዜ በጥፍሯ ጫፍ ቅቤ ትወስድና እግሩ ላይ ትቀባለታለች፣ እሱ ሲልሰው ሆዱን ያለሰልሰዋል። ጾም ሲገባ ግን የአገሬ እናት ከዚህ ቤት ድመትም ይጾማል ብላ ስለደነገገች ቅቤው ቀረ፣ በቅቤው ፋንታ አምሳለች ተልባ እየዘፈዘፈች የሚዝለገለገውን ውሃ በሲኒ ታጠጣው ነበር። እና ይገርማችኋል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሻምበል አንድ ቀን ጠጉር አስመልሶ አያውቅም።

የአምሳለች ጥፋት መደበቋ ነው። ለድመት ሚዶ፣ ለድመት ተልባ ሲባል የአገሬ እናት ምን እንደምትል ስለምታውቅ፣ የተበጠረውን ጠጉር ሊጥ ውስጥ እንዳይበንን በጨርቅ ቋጥራ አልጋዋ ሥር ታስቀምጠው ነበር፣ እስክትቀብረው። ከሁለት ሳምንት በፊት እናቷ ስትጠርግ ጨርቁን አገኘችው። አጠገቡ ደግሞ የሚዝለገለግ ነገር ያለበት ሲኒ። ምን ብላ ጠየቀቻት ብትሉ፣ ምንም። አንዲት ቃል አልጠየቀቻትም። «ከዛሬ ጀምሮ ድመቱን በእጅሽ እንዳትነኪው» ብቻ አለች፣ አምሳለችም እሺ አለች፣ ከዚያ ሁለቱ ሴቶች አንድ ጓዳ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ጨው አቀብይኝ ሳይባባሉ ኖሩ። ሻምበል ግን መላሱን አልተወም። ማንም አላበጠረውም፣ ማንም ተልባ አልሰጠውም፣ ደረቅ እንጀራ ይወረወርለታል። ባራተኛው ቀን የመጀመሪያው ጥቅልል በር ላይ ወጣ። ሁለተኛው ምድጃው አጠገብ። ሦስተኛው ይኼው፣ በእንግዳ ሳህን። አገሬን ያንገበገባት ይኼ ነው። መተቱን ያመጡት እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ አትንኪው ባሏት ቁጥር ይመጣል፣ በመጣ ቁጥር አልነገርንሽም ይላሉ።

በሩ ላይ ቆማ አላስቻላትም። «የሻምበል ትውከት እኮ ነው» አለች። እናቷ ዞር ሳትል ትልቅ ሰው ሲነጋገር አፍሽን ያዢ አለቻት። ደብተራው ግን ፈገግ አሉ፣ ይኼ ፈገግታቸው ነው የባሰባት፤ ልጅ ናት፣ እሷንም ዓይኗን ጋርደውባት ነው አሉ። አገሬ ወደ አባቷ አየች። አቶ ሣህለ ማርያም ልብስ ሰፊ ናቸው፣ መኪናቸው እዚያው ሳሎን መስኮቱ ሥር ናት። መናገር ባልፈለጉ ጊዜ ሁሉ ይሰፋሉ። ዛሬ ጠዋት ማንም ያላዘዘውን ሱሪ ጫፍ እየሰፉ ነበር፣ ክር እንኳ ማለቁን አላዩም፣ መርፌዋ ባዶውን ትወጋለች፣ ጠክ ጠክ ጠክ። ሰባት ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል ተባለ። ገበያ ያራገፈው ኤንትሬ የጭነት መኪና ዘጠኝ ሰዓት ወደ ሞጣ ይመለሳል፣ ቦታ ተይዟል፣ ጋቢና ነው፣ ስድስት ብር፣ እንደ ትልቅ ደግነት ነው የተነገረው።

አምሳለች ጓሮ ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉን ሰምታለች፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ማን የማይሰማው አለ። ሻንጣዋም ተዘግቶ በሩ ጥግ ቆሟል።

«እታለም፣ ለምን አትናገሪም?» አለቻት አገሬ።

«ምን ብዬ? ቋጠርሽ ወይ ቢሉኝ ቋጥሬያለሁ። ደበቅሽ ወይ ቢሉኝ ደብቄያለሁ።» አንዲት ጠጠር አነሳችና ጣለች። «ጥርጣሬው አስቀድሞም ነበረ፣ ማስረጃ ሲፈልግ ነበር፣ አገሬ። ይኼ ባይሆን ሌላ ነገር ያገኙ ነበር።»

ይኼን ስትል ምስሩን መልቀሟን አልተወች፣ ከሰዓት በኋላ ለማትበላው ወጥ ምስር የምትለቅም ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አገሬ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ከግቢ ወጣች።

መጀመሪያ ቀበሌ ልትሄድ ነበር። ሊቀ መንበሩ በየስብሰባው ስለ ጎጂ ልማድ ሁለት ሰዓት ያወራሉ፣ መተት የሚባለው የአድኃሪያን ወሬ ነው ይላሉ፣ እንዴት ያለ ንግግር መሰላችሁ። ግን አባቷ የካኪ ኮታቸውን ሲለኩላቸው ሜትር የያዘችው አገሬ ነበረች፣ ሸሚዛቸውን ሲከፍቱ አንገታቸው ላይ ያየችው ክታብ ደግሞ የደብተራ ወልደ ሰንበት ሥራ ነው፣ በቆዳው አሰፋፍ ታውቀዋለች። መንገድ ላይ ትዝ አላትና ተጠመዘዘች። የሄደችው እርሻ ቢሮ ነው፣ የከብት ሐኪሙ ጋ። አቶ ቢሆነኝ የየጁቤ ሰው ናቸው፣ የቢቸናን በሬ ግማሹን የከተቡ፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ ሊወጡ ሲሉ ደረሰችባቸው። እስትንፋሷ ሳይመለስ ሁሉንም ዘረገፈችው፣ ሚዶውን፣ ተልባውን፣ ሳህኑን። እሳቸው በደንብ ሰሟት። ደስ እስኪላት ድረስ ሰሟት። ልጅቷ ትክክል ናት አሉ፣ ያረጀ ድመት ከወጣቱ ይበልጥ ይልሳል፣ አንጀቱም ይዘገያል፣ ጠጉሩ ይከማቻል፤ መበጠር፣ ለስላሳ ምግብ፣ ውሃ፣ ተልባውም እኔ ከማዘው የተሻለ ነው አሉ። አገሬ እጃቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። እንግዲያው ይምጡና ይንገሩልኝ አለቻቸው።

አቶ ቢሆነኝ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ መልሰው ከተቱ። አምና አንድ በሬ በአባ ሰንጋ ሲሞት አባ ሰንጋ ነው በማለታቸው፣ ቡዳ ነው ካሉት ሰዎች ጋር እስካሁን ሰላምታ እንደሌላቸው ነገሯት። ዝውውር ጠይቀዋል፣ ወደ የጁቤ፣ እናታቸው ታመዋል፣ ወረቀቱ ላይ የአገር ሽማግሌ አስተያየት ይጻፋል። ታዲያ ይጻፉልኝ አለች፣ በወረቀት። ወረቀት ያለ ማኅተም ምን ያደርጋል፣ ማኅተሙ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ኃላፊው ደብረ ማርቆስ ስብሰባ ነው። «ደግሞ መንግሥት የሚያውቀው የወተት ላም ነው እንጂ ድመት በመዝገባችን የለም» ብለው ሊያስቋት ሞከሩ። አልሳቀችም። በሩ ላይ ስትደርስ ግን፣ እንደ ማፈር ብለው፣ ሣር ስጪው አሏት። ሰርዶ። ሆዱ ውስጥ የቀረ ካለ ይወጣል፣ ዓይናቸው እያየ ይውጣ።

በመጋቢት ቢቸና ውስጥ ለምለም ሣር ፈልጉ እስቲ። አገር ምድሩ ገለባ ነው። ትዝ ያላት ቦኖው ነው፣ ውሃ የሚፈስበት ጭቃ ዳር። ሴቶቹ እንስራ አሰልፈው ሲጨቃጨቁ አገሬ በአራት እግሯ ተንበርክካ ሰርዶ ትነጭ ጀመር። አንዷ ምነው የሣህለ ማርያም ልጅ፣ አባትሽ ሥራ ቢያጣ ለግጦሽ አሰማራሽ ወይ ብላ ተረበቻት፣ ሁሉም ሳቁ፣ ሌላ ቀን ቢሆን አገሬ ሁለት እጥፍ መልሳ ታስቃቸው ነበር። ዛሬ ግን ጥርሷን ነክሳ ነጨች። ጉልበቷ ጭቃ ሆነ፣ የትምህርት ቤት ቀሚሷ ነው፣ ሰኞ ምን እንደምትለብስ አታውቅም፣ ይበጣጠስ።

ስትደርስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ሁለት ናቸው፣ ከደብተራው ጋር ሦስት። አምሳለች በሩ አጠገብ ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ናት፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ማንም መተት የሚለውን ቃል አልጠራም፤ አንደኛው ሽማግሌ አባትሽንም ናፍቀሻቸዋል፣ በዓሉንም እዚያው ብትውዪ፣ ቤቱም እስኪረጋጋ እያሉ ቃሉን በጥጥ ይጠቀልሉታል። አገሬ ሻምበልን ከምድጃው ዳር አንስታ ከመጋረጃው ጀርባ ሰርዶውን ሰጠችው። ምስኪን፣ በሁለት ጥርሱ፣ አንገቱን እያጣመመ፣ ጨርሶ በላው። ከዚያ በመጋረጃው ሥር ወደ ሳሎን ለቀቀችው። ሻምበል መሀል ወለል ድረስ ሄደ። ቆመ። ጀርባው ቅስት ሆነ፣ ጎኑ ሲኮማተር ይታያል፣ ኧክ፣ ኧክ፣ ኧክ፣ ሽማግሌው ንግግራቸውን አቋረጡ፣ የልብስ መኪናዋም ቆመች፣ ሁሉም ዓይኑን ድመቱ ላይ ተከለ። እና አወጣው። ከሣሩ ጋር፣ እርጥብ፣ ግራጫ፣ ጣት የሚያህል፤ ሳህኑ ላይ ያለውን ቁርጥ እሱን።

አምሳለች ቀስ ብላ ተናገረች። «ጠጉር ነው፣ እማማ። የራሱ ጠጉር። እንዳልነካው ስላሉኝ ሁለት ሳምንት አልተበጠረም።»

አገሬ መጋረጃውን ጨብጣ በቃ አለቀ አለች በልቧ፣ አለቀ፣ ዓይን አላቸው አይደል እንዴ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ሌላው ወደ ሳህኑና ወደ ወለሉ፣ ወደ ወለሉና ወደ ሳህኑ ሲያዩ፣ ደብተራ ወልደ ሰንበት ግን ብድግ አሉ። የአንገት መስቀላቸውን አወጡና አማተቡ። ይኼው አሉ። መድረሻ ሲያጣ ከአውሬው ሆድ ወጣ፣ በዓይናችሁ አያችሁ፣ እኔ እዚህ ስለተቀመጥኩ ነው መሸሸጊያ ያጣው። ሽማግሌዎቹ «ተመስገን» አሉ። እውነት፣ ተመስገን ነው ያሉት። አምሳለች ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች፣ ተነሥታ ሻንጣዋን ያዘች። አቶ ሣህለ ማርያም አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን የከፈቱ ለአገሬ መሰላት፣ ከዚያ ግን እግራቸው መርገጫውን አገኘ፣ ጠክ ጠክ ጠክ።

አገሬ ጓዳ ገብታ ማሰሮ ልትሰብር እጇን ስታነሳ እናቷ ከኋላዋ መጣችና ክንዷን ያዘቻት። አገሬ ልትመታኝ ነው ብላ ነበር። እናቷ ግን አልመታቻትም።

«አውቃለሁ» አለቻት፣ በሹክሹክታ። «እሷ ሳትመጣ አሥር ዓመት ትውከቱን የጠረግሁ እኔ አይደለሁም?»

አገሬ ያነሳችውን እጅ ቀስ ብላ አወረደች።

«የድመት ትውከት ከሆነማ፣ ደምለውን የያዘው ሌላ ነው።» እናቷ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ቀበሌው ድምፅ ማጉያ አየችና ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «ያኛውን በማን አስፈታዋለሁ? የማን ደጅ እሄዳለሁ? ይኼኛውን ግን የሚፈታው ሰው አለ። አድርጊ ያሉኝን ሳላደርግ ልጄ ቢቀር፣ በምን ዓይኔ አድራለሁ?»

«እና እታለም ምን አደረገች?»

እናቷ ደረቅ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች፣ ከዚያ ለሽማግሌዎቹ የባቄላ ንፍሮ ልታቀርብ ወጣች። አገሬ እዚያው ቆማ ቀረች። ልታቅፋት ፈልጋ ነበር፣ ግን ከንዴቷ ምንም አልቀነሰላትም፣ እንዲያውም አሁን የሚራገፍበት ቦታ አጣ። አለማወቅ ቢሆን ታስረዳ ነበር። አውቆ ለሚያደርግ ሰው ምን ሣር ይነጫል?

ኤንትሬው ገበያው ዳር ሞተሩን እያስነሳ ነበር። ሻንጣውን የተሸከመችው አገሬ ናት፣ ሌላ የሸኘ የለም። አምሳለች ጋቢናው ላይ ከመውጣቷ በፊት ከጉያዋ ሚዶውን አወጣችና ሰጠቻት። ጠዋት ጠዋት አለቻት፣ ከጀርባው ወደ ጅራቱ፣ ሆዱን አትጫኚው። እስከ ፋሲካ ተልባ፣ ከፋሲካ ወዲያ በጥፍርሽ ጫፍ ቅቤ። እንጀራውን አርሺለት። ሁሉን እንደ ትምህርት አስቆጠረቻት። ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ግን እጇን ያዘችና አለቀቀቻትም።

«ደብዳቤ የሚመጣው በዚህ አድራሻ ነው» አለች። «እሱ ሞጣ መሆኔን በምን ያውቃል? ከመጣ፣ አገሬ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ በማንም ላኪልኝ። አባቴን ማንም ያሳያቸዋል።» ቀኑን ሙሉ ያልወጣው እንባዋ ያን ጊዜ ነው የወጣው። መኪናው በደብረ ወርቅ መንገድ አቧራ አስነስቶ እስኪጠፋ አገሬ ሚዶውን እንደጨበጠች ቆመች፣ ጥርሱ መዳፏ ላይ ታትሞ እስኪቀር።

ቤት ስትመለስ ንፍሮው ይበላል። ሽማግሌዎቹ ቀለል ብሏቸዋል፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ነው ወሬው፣ ኩንታሉ ኮታ ከገባ ወዲህ እንዴት እንደሆነ፤ ደብተራው አባቷን ስለ ካባቸው እጅጌ ያዋዩዋቸዋል። ሳህኑ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ያለበት ጠጉር ማታ ሊቃጠል። አገሬ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ሻምበልን አቀፈችው። የአምሳለችን መቀመጫ ሳበችና መሀል ሳሎን፣ ሁሉም ፊት ተቀመጠች። በሚዶው ከጀርባው ወደ ጅራቱ አበጠረችው። ጠጉሩ እፍኝ እፍኝ ይወጣል፣ ሁለት ሳምንት ነው እኮ፣ ሻምበል ዓይኑን ጨፍኖ ያንኮራፋል። አንደኛው ሽማግሌ ንፍሮ በጣታቸው እንደያዙ ቀሩ። አገሬ የወጣውን ጠጉር በመዳፏ አሸችው፣ ገመደችው፣ በግራ እጇ ገመደችው፣ ሁሉም እንዲያዩላት። ተነሣችና ሳህኑ ላይ ከመጀመሪያው ጎን አስተኛችው።

«ይኼ የእኔ ነው» አለች። «እኔን ወዴት ነው የምትልኩኝ?»

ደብተራው ወደ እናቷ አዩ። እናቷ ወደ ደብተራው አላየችም፤ ወደ መጋረጃው ነው ያየችው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለው ባዶ አልጋ። የአባቷ ልብስ መኪና ቆማለች፣ እግራቸው መርገጫው ላይ ነው፣ አይረግጡም። ከዚያ እናቷ እጇን ዘረጋችና የነጠላዋን ጫፍ ሳህኑ ላይ ጣል አድርጋ ሸፈነችው።

አገሬ ገለጠችው።